የሂንዱ አማልክት ስንት ናቸው? «አንድ» ማለትም «ብዙ» ማለትም ለምን አያጠግብም

ከአቡ ዳቢ ወደ ዱባይ በሚወስደው አውራ ጎዳና አቅራቢያ ከሮዝ ድንጋይ የተሠራ ባለ ሰባት ጉልላት ቤተ መቅደስ አለ። ድንጋዩ ከሕንድ፣ ከራጃስታን ግዛት ተጭኖ የመጣ ነው። የተመረቀው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2024 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሲሆን የሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲም ተገኝተው ነበር። በኤምሬቶች የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሕንዶች ጋር አብረው ይሠራሉ፤ ጎረቤትም ናቸው። ስለዚህ ነገሩ ለእነሱ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ውስጡ ሰባት መቅደስ አለ። በአንዱ ራማና ሲታ፣ በሌላው ክሪሽናና ራዳ፣ በሌላው ደግሞ ሺቫና ፓርቫቲ ይመለካሉ። ይህን ያየ ሰው «እነዚህ ሰዎች ስንት አምላክ ነው ያላቸው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ብዙ ጊዜ የምንሰማው ከሁለት መልሶች አንዱን ነው። አንዱ «330 ሚሊዮን አማልክት አላቸው» ይላል። ሌላው «ኧረ የሚያመልኩት አንዱን ነው፤ የበዛው ስሙ ብቻ ነው» ይላል። ሁለቱም ከአየር ላይ የመጡ አይደሉም፤ ሁለቱም ግን ጉዳዩን ከመሃሉ ይቆርጡታል። የሂንዱ ሊቃውንት አንድነትና ብዛት እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ከ2500 ዓመት በላይ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ አንድ መልስ ላይም አልደረሱም። እኔ በበኩሌ ከመልሶቹ ይልቅ ክርክሩን ማወቅ ይጠቅማል እላለሁ። ሃይማኖቱ የሚታወቀው እዚያ ውስጥ ነውና።

አንድ ነገር አስቀድመን እንያዝ። ሂንዱነት አንድ መሥራች የለውም። ሁሉም የሚቀበለው አንድ የእምነት መግለጫ ወይም አንድ የበላይ ሲኖዶስም የለውም። በ2011 የሕንድ የሕዝብ ቆጠራ ሂንዱ ነን ያሉት 966 ሚሊዮን ሰዎች፣ ማለትም ከአገሪቱ ሕዝብ 80 በመቶ ገደማ ነበሩ። ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር መጠቅለል አይቻልም።

ይህን ጥያቄ ራሳቸው ጠይቀው ያውቃሉ?

አዎ፤ ያውም በጣም ጥንት።

ቅዱሳት መጻሕፍታቸው ከሆኑት ውስጥ ቀደምቶቹ ቬዳዎች ናቸው። ከእነሱም ጥንታዊው ሪግ ቬዳ 1028 መዝሙሮች አሉት። ተመራማሪዎች የተደረሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1500 እስከ 1000 ባለው ጊዜ ነው ብለው ይገምታሉ። በእነዚህ መዝሙሮች ውስጥ አግኒ እሳት ነው፣ ኢንድራ የነጎድጓድና የጦርነት አምላክ ነው፣ ሱርያ ፀሐይ ነው። የሚገርመው የውዳሴው አኳኋን ነው። አግኒ ሲወደስ ከሁሉም በላይ እሱ ይመስላል። ገጹን ገልበጥ አድርገው ወደ ኢንድራ ሲመጡ ደግሞ ከኢንድራ በላይ ማንም ያለ አይመስልም። በዚያው መጽሐፍ አንድ መዝሙር ውስጥ ደግሞ ሕንዶች እስከ ዛሬ በቃላቸው የሚጠቅሱት ስንኝ አለ፦ ያለው አንድ ነው፤ ጠቢባን ግን በብዙ መንገድ ይጠሩታል።

ጥያቄው ፊት ለፊት የሚነሳው ግን በኡፓኒሻዶች ነው። ኡፓኒሻዶች የቬዳዎቹ የመጨረሻ ክፍል ናቸው። መዝሙርነታቸው ያንሳል፤ ፍልስፍናቸው ይበዛል፤ ብዙዎቹም የመምህርና የተማሪ ጭውውት ናቸው። ከነዚህ ጥንታዊ የሆነው ብሪሃዳራንያካ ኡፓኒሻድ እንዲህ ያለ ታሪክ ይነግረናል።

የቪዴሃው ንጉሥ ጃናካ ትልቅ የመሥዋዕት ድግስ ደግሶ ሊቃውንትን ሰበሰበ። ቀንዳቸው ላይ ወርቅ የታሰረ አንድ ሺህ ላሞች አስቆመና «ከመካከላችሁ ከሁሉ የላቀ አዋቂ የሆነው ይንዳቸው» አለ። ማንም አልደፈረም። ያጅናቫልክያ የተባለው ሊቅ ግን ክርክሩ ሳይጀመር ተማሪውን ጠርቶ «ላሞቹን ወደ ቤት ንዳ» አለው። የቀሩት ተናደዱ። ከዚያ በኋላ ተራ በተራ በጥያቄ ያጣድፉት ጀመር። ከጠያቂዎቹ አንዷ ጋርጊ የተባለች ሴት ስትሆን ከወንዶቹ ሁሉ ጠንከር ያለውን ጥያቄ ያነሳችው እሷ ነበረች።

በመጨረሻ ሻካልያ የሚባል ሰው ተነሣ።

«ያጅናቫልክያ ሆይ፣ አማልክት ስንት ናቸው?»

«303 እና 3003።»

«አዎ። ግን በእርግጥ ስንት ናቸው?»

«33።»

«አዎ። ግን በእርግጥ ስንት ናቸው?»

«6።» ከዚያ «3።» ከዚያ «2።» ከዚያ «አንድ ተኩል።» በመጨረሻም «አንድ።»

ልብ በሉ፤ ሻካልያ በእያንዳንዱ መልስ «አዎ» ይላል። የመጀመሪያው ቁጥር ውሸት ሆኖ የመጨረሻው ብቻ እውነት አልሆነም። ቀጥሎ ሻካልያ «እነማን ናቸው?» ብሎ ሲያፋጥጠው ያጅናቫልክያ ያብራራል። ሺዎቹ የአማልክቱ ኃይል መገለጫዎች ናቸው፤ አማልክቱ 33 ናቸው። ስድስቱ እሳት፣ ምድር፣ ነፋስ፣ ጠፈር፣ ፀሐይና ሰማይ ናቸው። ሦስቱ ሦስቱ ዓለማት ናቸው፤ ሌሎቹ አማልክት ሁሉ በእነሱ ውስጥ ናቸውና። ሁለቱ ምግብና እስትንፋስ ናቸው። አንድ ተኩሉ የሚነፍሰው ነፋስ ነው። አንዱስ? እስትንፋስ ነው፤ እሱም ብራህማን ነው።

የዚያ ክርክር ፍጻሜ ለሻካልያ ክፉ ነበር። ያጅናቫልክያ በተራው የጠየቀውን መመለስ አቅቶት ራሱ ከአንገቱ እንደ ወደቀ ታሪኩ ይናገራል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ የዋዛ አልነበረም።

330 ሚሊዮን የሚባለው ቁጥርስ? የእነዚህን ሁሉ ስም ዘርዝሮ የጻፈ የለም። ጥንታዊዎቹ መጻሕፍት ደጋግመው የሚጠቅሱት ቁጥር 33 ነው። ትልቁ ቁጥር ብዛትን ለማጉላት የሚነገር ነው።

ብራህማን ማን ነው? ወይስ ምንድን ነው?

እዚህ ላይ የሚመሳሰሉ ሦስት ቃላት አሉ፤ እንለያቸው። ብራህማን የሁሉ ነገር መሠረት የሆነው የመጨረሻው እውነት ነው። ብራህማ ባለ አራት ፊት የፍጥረት አምላክ ነው። ብራህሚን ደግሞ የካህናቱ የዘር መደብ ነው። አሁን የምናወራው ስለ መጀመሪያው ነው።

ኡፓኒሻዶች ስለ ብራህማን ሲናገሩ ፍጥረት ሁሉ ከእሱ ይወለዳል፣ በእሱ ይኖራል፣ ተመልሶም ወደ እሱ ይገባል ይላሉ። በሌላ ቦታ ደግሞ ያጅናቫልክያ «ይህ አይደለም፣ ያም አይደለም» ብቻ ይላል። ምክንያቱም ምንም ስም ብትሰጠው ያጠብበዋል። ብራህማን በዙፋን የተቀመጠ አካል ነው ወይስ አካል የሌለው ህልውና? ይህን መጻሕፍቱ አንዳንዴ እንዲህ አንዳንዴ እንዲያ ይሉታል። በኋላ ለመጣው ክርክር በር የከፈተውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ቁልፍ ቃል አትማን ነው። በእያንዳንዱ ሕያው ውስጥ ያለው እውነተኛው «እኔ» ማለት ነው። ሰውነት ያረጃል፣ ሐሳብ ይለዋወጣል፤ አትማን ግን አይለወጥም ይላሉ።

የሁለቱን ግንኙነት ቻንዶግያ ኡፓኒሻድ በአባትና በልጅ ወሬ ያስረዳል። ሽቬታኬቱ በ12 ዓመቱ ለትምህርት ሄዶ በ24 ዓመቱ ቬዳዎቹን ሁሉ አጥንቶ ተመለሰ። ሲመለስ ግን ኩራቱ አያድርስ ነው። አባቱ ኡዳላካ ይህን አይቶ «ይህን ጨው ውኃ ውስጥ ጨምረህ ጠዋት ተመለስ» አለው። ጠዋት ሲመጣ «ትናንት የጨመርከውን ጨው አምጣው» አለው። ልጁ በእጁ ቢዳብስ አጣው። «በል ከላይ ቅመስ። እንዴት ነው?» «ጨው ጨው ይላል።» «ከመሃል ቅመስ።» «ጨው ጨው ይላል።» «ከሥር ቅመስ።» «ያው ነው።» አባትየው አለ፦ «ልጄ፣ አላየኸውም እንጂ እዚሁ ነው ያለው። የዓለም ሁሉ ነፍስ ይህ ረቂቅ ነገር ነው። ያ አንተ ነህ፣ ሽቬታኬቱ።»

«ያ አንተ ነህ» የሚለው አነጋገር በዚያ ምዕራፍ ዘጠኝ ጊዜ ይመጣል። በሂንዱ ፍልስፍና እንደዚህ አጭር ዓረፍተ ነገር ብዙ ያከራከረ ነገር ማግኘት ይከብዳል።

አማልክቱስ የት ቀሩ? ኬና ኡፓኒሻድ ይህን ይመልሳል። አማልክት በጦርነት ድል አድርገው «በእኛ ኃይል ነው ያሸነፍነው» ብለው ተኩራሩ። ድሉ ግን የብራህማን ነበር። ብራህማን ማንነቱ በማይታወቅ መልክ ፊታቸው ቆመ። እሳቱ አግኒ ሊያጣራ ሄደ። «ምን ትችላለህ?» «በምድር ያለውን ሁሉ ማቃጠል።» አንዲት ሰበዝ ሣር አስቀመጠለት። አግኒ ባለ በሌለ ኃይሉ ሞከረ፤ ሣሯ አልነደደችም። ነፋሱ ቫዩም ሄዶ ያቺኑ ሣር ንቅንቅ ማድረግ አቃተው። ኢንድራ ሲቀርብ ያ እንግዳ ተሰወረ። የማንነቱን ምሥጢር ለኢንድራ የነገረችው ኡማ የተባለች አምላክት ናት። በዚህ ታሪክ አማልክት የሉም አልተባለም። አሉ፤ ኃይላቸው ግን የራሳቸው አይደለም።

ታዲያ «ሁሉም አንድ ነው» ነው የሚሉት?

አንዳንዶቹ አዎ። አንዳንዶቹ በፍጹም። ሰፊው ክርክር ያለው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

እነዚያን ኡፓኒሻዶች አንብበው «ትክክለኛው ትርጉም የእኔ ነው» ያሉ ብዙ መምህራን ተነሥተዋል። ትምህርታቸው በጥቅሉ ቬዳንታ ይባላል። ከሁሉ የገነኑት ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ደቡብ ሕንዶች ናቸው።

የመጀመሪያው ሻንካራ ነው። በ8ኛው መቶ ዓመት አካባቢ የኖረ ሲሆን የተወለደው በኬረላ፣ ካላዲ በምትባል መንደር ነው። በ32 ዓመቱ እንደ ሞተ በትውፊት ይነገራል። የትምህርቱ ስም አድቫይታ ነው፤ «ሁለት የለም» እንደ ማለት። ለሻንካራ በእርግጥ ያለው ብራህማን ብቻ ነው። መልክ የለውም፣ ጠባይ የለውም፣ ክፍል የለውም። ዓለምን ብዙ አድርገን የምናየው ባለማወቃችን ነው። ተከታዮቹ ዘወትር የሚያነሱት ምሳሌ አለ። ሰው በጨለማ የወደቀ ገመድ ያይና እባብ መስሎት ይደነግጣል። ድንጋጤው የእውነት ነው፤ ልቡ ይመታል፣ ላብ ያጠምቀዋል። መብራት ሲመጣ ግን እባቡ «አልሞተም»፤ መጀመሪያውኑ አልነበረም። ብዛትም እንደዚያ ነው ይላል። «ያ አንተ ነህ» የሚለውንም እንደ ተጻፈ ይወስደዋል፦ አትማን ራሱ ብራህማን ነው፤ ልዩነት የለም።

ሻንካራ ታዲያ አማልክትን ይጥላል? አይጥልም። እውነትን በሁለት ደረጃ ያያታል። በየቀኑ በምንኖርበት ደረጃ ዓለም አለ፣ አምላክ አለ፣ አምላኪም አለ። እዚህ ደረጃ ላይ ብራህማን መልክና ጠባይ ያለው ጌታ ሆኖ ይመለካል፤ አምልኮውም ልብን ያነጻል። በመጨረሻው ደረጃ ግን አምላኪና ተመላኪ የሚባል ነገር የለም። የሻንካራ ነው ተብለው እስከ ዛሬ የሚዘመሩ የአማልክት ውዳሴዎች ብዙ ናቸው። ይህ እርስ በርሱ የሚጣላ ለሚመስለው ሰው መልሱ ያ የደረጃ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ራማኑጃ ነው። ትውፊት ከ1017 እስከ 1137 ኖረ ይለዋል። መቀመጫው በካቬሪ ወንዝ ደሴት ላይ ያለው ታላቁ የሽሪራንጋም የቪሽኑ ቤተ መቅደስ ነበር። ራማኑጃ ሻንካራን የሞገተበት ነጥብ ዛሬም ያስደምማል። ያለው ብራህማን ብቻ ከሆነ፣ ያ ያልነው አለማወቅ የማን ነው? የብራህማን ነው ካልን፣ ፍጹም የሆነው እንዴት ይሳሳታል? የሰው ነፍስ አለማወቅ ነው ካልን ደግሞ፣ የተለየች የሰው ነፍስ የምትባለው ራሷ የአለማወቅ ውጤት ናት ብለሃል። ስለዚህ አለማወቁ የሚያርፍበት ቦታ አጣ።

የራሱ መልስ ይህ ነው፦ ዓለምም ነፍሳትም እውነተኛ ናቸው፤ የአምላክ አካል ናቸው። ነፍስ በሥጋ ውስጥ ሆና ሥጋን እንደምታንቀሳቅስ፣ አምላክም በነፍሳትና በዓለም ውስጥ ሆኖ ያንቀሳቅሳቸዋል። ሥጋና ነፍስ ይለያያሉ፤ ነገር ግን አንድ ሰው ናቸው። እንዲሁ አንድ ብቻ አለ፤ ያ አንድ ግን በውስጡ ብዛትን ይዟል። ራማኑጃ «ያ አንተ ነህ» የሚለውን ሲፈታው በአንተ ውስጥ የሚኖረውና ዓለምን የሚያኖረው ያው አንዱ አምላክ ነው ይላል። አምላኩ ደግሞ ስም አለው፤ ቪሽኑ ነው። መልክና ፍቅር አለው፤ ርኅሩኅ ነው። ነፍስ ስትድን በእሱ ውስጥ ቀልጣ አትጠፋም፤ ለዘላለም ከእሱ ጋር ትኖራለች። እዚህ ላይ የምእመናንን ልብ የሚስበው ራማኑጃ ይመስለኛል። የሚወደድ ካለ የሚወድ መኖር አለበትና።

ሦስተኛው ማድቫ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት በካርናታካ፣ ኡዱፒ የኖረ ሲሆን እዚያ ያቋቋመው የክሪሽና ቤተ መቅደስ ዛሬም ሕዝብ ይጎርፍበታል። ማድቫ ሁለቱንም አልተቀበለም። አምላክ ሌላ ነው፣ ነፍስ ሌላ ናት፣ ቁስ ሌላ ነው፤ ነፍስም ከነፍስ ይለያል፤ ቁስም ከቁስ ይለያል። በራሱ የቆመ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቪሽኑ ነው። የቀረው ሁሉ በእሱ ላይ የተደገፈ ነው። ሌሎቹ አማልክት ከእሱ በታች በየማዕረጋቸው የተሰለፉ እውነተኛ አካላት ናቸው።

ታዲያ «ያ አንተ ነህ» የሚለውን ምን ሊያደርገው ነው? ሳንስክሪት ሲጻፍ ቃላት እርስ በርስ ይጋጠማሉ። ማድቫ መጋጠሚያውን በሌላ ቦታ ከፈተውና «ያ አንተ አይደለህም» ብሎ አነበበው። ፊደል አልጨመረም፣ አልቀነሰም። አንዱ መምህር አንድነትን ያነበበበት ዓረፍተ ነገር ለሌላው የልዩነት ምስክር ሆነ።

ከነዚህ ውጭም አሉ። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በቤንጋል ያስተማረው ቻይታንያ የፈጠረው ጅረት፣ ነፍስ ከአምላክ ጋር አንድም ናት ልዩም ናት፤ እንዴት እንደሆነ ግን አእምሮ አይደርስበትም ይላል። በ1966 ኒው ዮርክ የተቋቋመውና በየአገሩ ጎዳና «ሃሬ ክሪሽና» እያለ የሚዘምረው ማኅበር የመጣው ከዚህ ወገን ነው።

እንግዲህ «ሂንዱዎች ሁሉም አንድ ነው ይላሉ» ስንል ሻንካራን ጠቅሰን ማድቫን ዝም ማሰኘታችን ነው።

ብራህማ፣ ቪሽኑ፣ ሺቫ ሲባል እንደ ሥላሴ ነው?

አይደለም። ይህን ንጽጽር በማኅበራዊ ሚዲያ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ቁጥሩ ሦስት መሆኑ ነው የሚያሳስተው። ብራህማ ይፈጥራል፣ ቪሽኑ ይጠብቃል፣ ሺቫ ያፈርሳል የሚለው አደላደል አለ፤ ትሪሙርቲ ይባላል። ግን የእምነቱ ምሰሶ አይደለም። ለብራህማ የቆሙ ቤተ መቅደሶች ጥቂት ናቸው፤ ከሁሉ የሚታወቀው በራጃስታን፣ ፑሽካር ያለው ነው። የሺቫ አማኝ ደግሞ መፍጠሩም መጠበቁም ማፍረሱም የሺቫ ሥራ ነው ይላል። ከሙምባይ ባሕር ዳርቻ ወዲያ በኤሌፋንታ ደሴት ዋሻ ውስጥ በ6ኛው መቶ ዓመት አካባቢ የተጠረበ፣ 6 ሜትር ገደማ የሚሆን ባለ ሦስት ፊት ምስል አለ። ብዙ ዘመን ሦስቱ አማልክት ናቸው ሲባል ኖሯል። ሊቃውንት አሁን እንደሚሉት ግን ሦስቱም ፊት የሺቫ ነው፦ አንዱ ቁጡ፣ አንዱ ለስላሳ፣ መሃለኛው ጸጥ ያለ።

አቫታር የሚባለውም ሥጋ መልበስ ከሚለው የክርስትና ትምህርት ይለያል። ቪሽኑ ጽድቅ ሲጎድል ይወርዳል ተብሎ ይታመናል፤ ይህም ደጋግሞ የሚሆን ነው። በተለመደው ዝርዝር አሥር ሲሆኑ ከእነሱም ዓሣ፣ ኤሊና አሳማ ይገኙበታል። ራማና ክሪሽናም እዚያ ናቸው። በብዙ ዝርዝሮች ቡድሃም ገብቷል። አሥረኛው ካልኪ ገና አልመጣም።

አንድ ተራ ሰው ታዲያ ማንን ነው የሚያመልከው?

ብዙውን ጊዜ ከቤተሰቡ የወረሰውን። ቪሽኑን የበላይ የሚያደርጉ አሉ፤ ሺቫን የበላይ የሚያደርጉ አሉ፤ ዴቪን፣ ማለትም እናቲቱን አምላክ፣ የሁሉ ምንጭ የሚሉ አሉ። እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው «አንድ» አላቸው። የሌላውን አምላክ የለም አይሉም፤ የእኔው ሌላ መልክ ነው ወይም የእኔው አገልጋይ ነው ይላሉ። ከዚህም በላይ አንድ ሰው ልቡ ያዘነበለለትን መልክ መርጦ ማምለክ ይችላል፤ ኢሽታ ዴቫታ ይባላል። ሻንካራን የሚከተሉ ብዙ ቤተሰቦች ሺቫን፣ ቪሽኑን፣ ዴቪን፣ ሱርያንና ጋኔሻን በአንድ ላይ ያስቀምጡና የወደዱትን መሃል ያደርጉታል።

ባጋቫድ ጊታ የተባለው ባለ 700 ስንኝ መጽሐፍም እዚህ ላይ ይጠቀሳል። ክሪሽና ለጦረኛው ለአርጁና ሲናገር ሌሎች አማልክትን በእምነት የሚያመልኩ ሰዎችም ሳያውቁት የሚያመልኩት እኔን ነው፤ አመላለካቸው ግን ሥርዓቱን የጠበቀ አይደለም ይለዋል። የመጀመሪያውን ግማሽ የሚጠቅስ ብዙ ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ ሲዘለል ግን አይቻለሁ።

የአቡ ዳቢውን ቤተ መቅደስ የሠራው ማኅበር ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። የዚያ ወገን ምእመናን ከ1781 እስከ 1830 የኖረውን ስዋሚናራያንን የሁሉ የበላይ አምላክ ነው ይሉታል። ሌሎቹን ግን አላስወጧቸውም፤ መቅደስ ሰጥተዋቸዋል። የሺቫ አማኝ እዚያው ሕንፃ ገብቶ በራሱ መንገድ ይጸልያል፤ እሱ ዘንድ የበላዩ ሺቫ ነው።

ምስሉን ነው የሚያመልኩት?

ይህን ለመረዳት ወደ ኮልካታ እንሂድ። በየዓመቱ በመስከረም ወይም በጥቅምት የዱርጋ በዓል ይከበራል። ዩኔስኮ በ2021 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ኩማርቱሊ በሚባለው ሰፈር ሠሪዎቹ በቀርከሃና በገለባ አጽም ያቆማሉ፤ ከዚያ ከወንዝ የመጣ ጭቃ ይለስናሉ። አሥር እጅ ያላት፣ አንበሳ ላይ ያለች፣ ጭራቁን የምትወጋ አምላክት ትወጣለች። ዓይኗ የሚሳለው መጨረሻ ላይ ነው፤ ለዚያም የተለየ ቀን አለው።

እስከዚያ ድረስ ያለው ጭቃ ነው። ካህኑ በጸሎት ዱርጋን ይጠራል፤ መጥታ በምስሉ እንድታድር ይለምናታል። ከዚያ በኋላ እንደ እንግዳም እንደ ንግሥትም ትስተናገዳለች። በአሥረኛው ቀን ባለትዳር ሴቶች ከንፈሯ ላይ ጣፋጭ ያስነኳታል፣ ቀይ ዱቄት ይቀቧታል፤ ወደ ባሏ ቤት ተሰናብታ እንደምትሄድ ልጅ ነው የሚሸኟት። ካህኑ ያሰናብታታል። ከዚያም ምስሉን ተሸክመው ሁግሊ ወንዝ ውስጥ ይጥሉታል፤ ጭቃው ይሟሟል። ጭቃው ራሱ አምላክ ቢሆን ኖሮ ወንዝ ውስጥ አይጣልም ነበር። ተራ ምልክት ብቻ ቢሆን ደግሞ ያን ሁሉ ቀን አይመግቡትም፣ አያነጋግሩትም ነበር። ለምእመኑ አምላኩ በእውነት እዚያ አለ፤ እዚያ ብቻ ግን አይደለም።

ምስልን አጥብቀው የተቃወሙ ሂንዱዎችም አሉ። ዳያናንዳ ሳራስዋቲ በ1875 ቦምቤይ ውስጥ ያቋቋሙት አርያ ሳማጅ መልክ የሌለው አንድ አምላክ ብቻ አለ፤ ቬዳዎችም የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው ይላል። በቤንጋልም ራሞሁን ሮይ ከሱ ቀድመው በ1828 በዚሁ መንፈስ ማኅበር መሥርተው ነበር። በሌላው ጫፍ ደግሞ ቬዳን የሚያከብሩ፣ ፈጣሪ አምላክ ግን አያስፈልግም ያሉ እንደ ሚማምሳ ያሉ የጥንት የፍልስፍና ትምህርት ቤቶች ነበሩ።

ለምን አንዱን መልስ ብቻ ሰማን? ጉዳዩስ ለምን ያሳስባል?

አንዱ ምክንያት በ1893 በቺካጎ የተደረገው የዓለም ሃይማኖቶች ጉባኤ ነው። ወጣቱ መነኩሴ ስዋሚ ቪቬካናንዳ እዚያ ተናግረው አዳራሹን ማረኩት። የሚያስተምሩት አድቫይታን፣ የሻንካራን ወገን ነበር። ከዚያ በኋላ ከሕንድ ውጭ ያለው አንባቢ ሂንዱነትን የተዋወቀው በአመዛኙ በዚህ መስኮት ነው። የራማኑጃና የማድቫ ተከታዮች በቁጥር ብዙ ሆነው ሳለ ድምፃቸው ሩቅ አልተሰማም።

ጉዳዩ የመጻሕፍት ብቻ ሆኖም አልቀረም፤ ፍርድ ቤትም ደርሷል። ከሕንድ ነፃነት በኋላ የወጣ የቦምቤይ ሕግ የሂንዱ ቤተ መቅደሶች ለዳሊቶች ክፍት ይሁኑ አለ። ዳሊቶች ከዘር መደቡ ሥርዓት ውጭ የተጣሉ፣ «የማይነኩ» ይባሉ የነበሩ ሰዎች ናቸው። አንዳንድ የስዋሚናራያን ተከታዮች ሕጉ አይመለከተንም ብለው በ1948 ከሰሱ። እኛ የምናመልከው የበላይ አምላክ ስዋሚናራያን ነው፤ ሃይማኖታችን ከሂንዱ የተለየ ነው፤ ስለዚህ ቤተ መቅደሳችን የሂንዱ አይደለም ነበር ክርክራቸው።

ክሱ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጃንዋሪ 1966 ዳኛ ጋጄንድራጋድካር የጻፉት ፍርድ ከቬዳዎች ጀምሮ ሻንካራን፣ ራማኑጃንና ማድቫን አንድ በአንድ ያነሳል። ሂንዱነት አንድ ነቢይ የለውም፣ አንድ አምላክ ብቻ አያመልክም፣ በአንድ ዶግማም አይታሰርም አለ። የራሳቸውን አንድ አምላክ የበላይ ማድረጋቸው እንግዲህ ከሂንዱነት አላወጣቸውም። ከሳሾቹ ተረቱ፤ ቤተ መቅደሶቻቸውም ለዳሊቶች መከፈት ነበረባቸው።